ሰው ያልሞተበት ድንኳን

ሰው የጉዞ ማስታወሻውን ከአውሮፕላን ማረፊያ ወይም ከመናኸሪያ ይጀምራል። የእኔ የተጀመረው ጀሞ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ፣ መስታወት ፊት ቆሜ ክራቫት ሳስር ነው። መድረሻዬ መካኒሳ ነበር። ከጀሞ መካኒሳ ያለውን ርቀት የሚያውቅ አንባቢ «ይሄም ጉዞ ሆኖ ተጻፈ!» ይል ይሆናል። ይበል። እኔ ዕድሜዬን በካርታ ንድፍ ሥራ የጨረስኩ ጡረተኛ ነኝ። ካርታ ላይ ያለ ርቀትና ታክሲ ሰልፍ ላይ ያለ ርቀት አንድ እንዳልሆነ የገባኝ ግን ጡረታ ከወጣሁ በኋላ ነው።

የጉዞዬ ምክንያት ልጄ ማህሌት ናት። ፊልም ሠርታለች። ፊልም ስል ሰው የሚሯሯጥበት፣ የሚካካድበት፣ መጨረሻ ላይ ሆስፒታል ተገናኝቶ የሚታረቅበት ዓይነት እንዳይመስላችሁ። «የሙከራ ፊልም» ይሉታል። ምኑ ነው የሚሞከረው ብላት «የተመልካቹ ትዕግሥት» አለችኝ። ከየአገሩ የተላኩ እንዲህ ያሉ ፊልሞች የሚታዩበት ዓለም አቀፍ ፌስቲቫል እዚሁ ክፍለ ከተማችን ውስጥ ሊካሄድ ነው፤ የእሷም ተመርጦ ገብቷል።

እኔ ደግሞ ፊልሙ ውስጥ አለሁ። እናቷ አስናቀች ካረፈች ወዲህ ቤቱ ውስጥ ያለነው እኔና ማህሌት ብቻ ነን፤ እሷም ካሜራዋን ይዛ ከክፍል ክፍል ስትከተለኝ ከረመች። መጀመሪያ አፈርኩ፣ ከዚያ ለመድኩ፣ በኋላማ ካሜራ በሌለበት ቀን ቅር ይለኝ ጀመር። ሥራው ሲያልቅ በላፕቶፕ ላሳይህ ብትለኝ እምቢ አልኩ። «እኔን በዚህች ጢኒጥ መስኮት? በትልቅ ሸራ ካልሆነ አላይም!» እሷም የእናቷን ግትርነት የወረሰች ናት። «እንግዲያው አባዬ፣ እዚያው መጥተህ፣ ከመጀመሩ በፊት እሺ ካላልከኝ አይታይም። ቤትህ ነው፤ ድምፅህ ነው። መሀል ላይ ካልወደድከውም እጅህን አንሳ፣ ያኔውኑ አጠፋዋለሁ» አለችኝ። ስንት ዘመን የለፋችበት ሥራ በእኔ መድረስና አለመድረስ ላይ ተንጠለጠለ ማለት ነው። እኔ ግን የማስበው ለካሜራ የሚያምረው የቀኝ ጎኔ ይሁን የግራው ነበር።

ጀሞ፣ ምሳ ሰዓት ላይ

ማህሌት ዕቃ ለማሰናዳት በጠዋት ወጥታለች። ዝግጅቱ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ይጀመራል ተብሏል። እኔ ጨዋ ተመልካች ስለሆንኩ ገና ከቤት ሳልወጣ ስልኬን ድምፁን አጥፍቼ የኮቴ የውስጥ ኪስ ውስጥ ቀበርኩት። አዳራሽ ውስጥ ቢጮህ ያሳፍራላ! መንገድ ላይ ሳለሁ ሰው ሊፈልገኝ ይችላል የሚለው ሐሳብ በአጠገቤም አላለፈም። እንዲህ ያለ ብልህነት እንዲሁ አይገኝም፣ ዕድሜ ይጠይቃል።

ደረጃው ላይ ባልዲ ተደርድሯል፤ የብሎካችን የውሃ ቀን ነበር። በባልዲዎቹ መሀል ኮቴን ሰብስቤ ወረድኩ። ታክሲ ተራው ጋ ስደርስ የሰልፉ ጭራ ዳቦ ቤቱን ዞሮ፣ ፋርማሲውን አልፎ ተዘርግቷል። ፀሐይዋም ከዚያ ሁሉ ሰው መሀል ክራቫት ያሰረውን ለይታ ማቃጠሏን ተያያዘችው። ተራዬ ደርሶ በሩ ላይ ስቆም ረዳቱ ከላይ እስከ ታች አየኝ።

«ፋዘር፣ ሰርግ ነው?»

«ፊልም ነው።»

«አክተር ነዎት እንዴ?»

«ዋናው።»

«አይቼዎት አላውቅም እኮ!»

«ገና ዛሬ ነው የምታየው።»

«እንግዲያው መልስ አይጠብቁም፤ ታዋቂ ሰው ዝርዝር አይቀበልም» ብሎ የሰጠሁትን ሃያ ብር ጠቅልሎ ያዘ። ታክሲው በሙሉ ሳቀ። ዝና የሚያስከፍለውን የዚያን ቀን መክፈል ጀመርኩ።

ከጀሞ እስከ ጀርመን አደባባይ ያለው መንገድ ግማሹ ተቆፍሯል፣ ግማሹ ሊቆፈር ተሰምሯል። ሹፌራችን በቀረችው ጠባብ በኩል ሊሾልክ ሲል አሸዋ የጫነ ሲኖትራክ ከፊት መጣ። ሁለቱም ወደ ኋላ አልልም ብለው ተፋጠጡ፤ ሞተር አጠፉ። ከጎኔ የተቀመጠች ሴትዮ የቲማቲም ፌስታሏን «አንዴ ያዙልኝማ አባባ» ብላ ጭኔ ላይ አስቀመጠችና እንቅልፏን ለጠጠችው። በኋላ ሹፌራችን በእግረኛ መንገዱ ላይ ወጥቶ ሲኖትራኩን አለፈው፤ መካኒሳ ስወርድ ጡረታ የወጣሁበት ሱሪዬ ላይ ቀይ ማኅተም አርፎበት ነበር።

መካኒሳ

አዳራሹን ለማግኘት አልተቸገርኩም። በሩ ላይ ሰው ግጥም ብሏል፤ ካሜራ አለ፣ ትልልቅ መብራት አለ፣ ሁሉም ለብሷል። «እንዲህ ነው እንጂ ዓለም አቀፍ!» አልኩ። በሩ ላይ የቆመ ወጣት እጅ ነሳኝ።

«እንኳን ደህና መጡ አባባ። የሙሽራው ወገን ነዎት የሙሽሪት?»

«የዳይሬክተሯ።»

የማን ዳይሬክተር እንደመሰለው እንጃ፣ እየመራ ወስዶ ከፊት አስቀመጠኝ። ሙሽሮቹ እየተሸሞነሞኑ ገቡ። ይሄ የሙከራው አካል ነው ብዬ ታገስኩ። ካሜራ የያዘው ልጅ ወደ እኔ ሲዞር የቀኝ ጎኔን ሰጠሁት። የጠረጠርኩት ክትፎ ያለበት ሳህን እጄ ላይ ሲቀመጥ ነው፤ ፊልም እንዲህ አያበላም። ሁለት ጎርሼ፣ እሺ አራት ይሁን፣ ሹልክ ብዬ ወጣሁና ጥበቃውን ጠየቅኩት።

«የፊልም ሰዎቹን ነው? እነሱማ ጠዋት ዕቃቸውን ጭነው ሄዱ። አዳራሹን ለሁለት አከራይተውት ኖሮ፣ የሰርጉ ይብሳል ተባለ።»

«የት ሄዱ?»

«ለቡ መብራት ኃይል።»

«ጀሞ አጠገብ ያለው ለቡ?»

«ሌላ ለቡ አለ እንዴ አባቴ?»

የለም። ከቤቴ ዱላዬን እያወዛወዝኩ በእግሬ የምሄድበት ለቡ ነው። ካርታ ሥራ ላይ ሳለሁ ወጣቶችን ሳስተምር «መጀመሪያ የቆማችሁበትን ዕወቁ» እል ነበር። ስልኬን ሳወጣ የማህሌት ጥሪ ከላይ እስከ ታች ተደርድሯል። መልሼ ደወልኩ።

«አባዬ! የት ነህ?»

«ሰርግ ላይ።»

«ምን?»

«ተይው። ያንቺ ታየ?»

«ዘግይተን ነው የጀመርነው። አንድ ረጅም ፊልም አለ፣ ከእሱ በኋላ ነኝ። ያኔ ካልደረስክ ፊልሙን ከዝግጅቱ አወጣዋለሁ።»

«አንቺ ልጅ፣ አታካብጂ! አሳዪው፣ እኔ ኋላ አየዋለሁ።»

«አይሆንም አልኩ! አንተ ሳትሰማው ማንም አይሰማውም።»

ሳትሰማው ማለቷ ግራ ገባኝ። ፊልም ይታያል እንጂ ይሰማል እንዴ? ለማሰብ ግን ጊዜ አልነበረኝም፤ ወደ መጣሁበት የሚመለስ ታክሲ ፍለጋ ሮጥኩ። ሮጥኩ ያልኩት ለማሳመር ነው።

የመጣሁበትን መንገድ መልሼ

ጀርመን አደባባይ ስንደርስ ያ ሲኖትራክ አሁንም እዚያው አለ። ሹፌሩ ወርዶ ድንጋይ ላይ ተቀምጦ ሸንኮራ ይገምጣል። እንዲህ ተረጋግቶ የሚገምጥ ሰው መንገድ እንደማይከፍት ስለገባኝ ወርጄ በእግሬ ተያያዝኩት። አቋራጭ አውቃለሁ ብዬ ታጠፍኩ። አቋራጩ አዲስ የቆርቆሮ አጥር ላይ አለቀ። በአጥሩ ሥር አንድ ውሻ ተነስቶ አየኝና፣ ለመጮህም ሳያበቃኝ ተመልሶ ተኛ። ዞሬ፣ አቧራ ለብሼ፣ ክራቫቴን ኪሴ ከትቼ ለቡ ደረስኩ።

መብራት ጠፍቷል። አንዲት ባለሱቅ በሯ ላይ ሽንኩርት ትለቅማለች።

«የኔ እናት፣ እዚህ አካባቢ ፊልም የሚታየው የት ነው?»

«በሰፈሩ መብራት ጠፍቶ እያለ ምን ፊልም ያምርዎታል? ፊልም እንኳ አላውቅም። ለቅሶ ግን አለ፤ እዚያ ጋ ታጠፍ ሲሉ።»

ታጠፍኩ። እውነትም የእድር ድንኳን መንገዱን ዘግቶ ተተክሏል። በሩ ላይ ጥቁር በጥቁር የለበሱ ወጣቶች ፊታቸውን አጨፍግገው ቆመዋል። በመጋረጃው ቀዳዳ ውስጡ ሲታይም ጥቁር ጨርቅ ተወጥሯል። ነጠላቸውን ያዘቀዘቁ ሴቶች ተራ በተራ ይገባሉ።

እንግዲህ ሁላችንም የምናውቀው ነው፤ በእንዲህ ያለ ድንኳን ፊት ዝም ብሎ ማለፍ አይቻልም። ማን ሞተ ብሎ መጠየቅም ነውር ነው። ይገባል፣ ይቀመጣል፣ የሟቹ ማንነት ከወሬው ቀስ እያለ ይታወቃል። ልጄ እየጠበቀችኝ ነው፣ ቢሆንም ለአፍታ እንኳ ሳልቀመጥ ብሄድ ኅሊናዬ አይለቀኝም። ኮፍያዬን አወለቅኩና በሩ ላይ ላለው ጎረምሳ ጎንበስ አልኩ።

«እግዚአብሔር ያጥናችሁ ልጄ።»

«አሜን አባባ» አለ፣ ግራ እየገባው። «ለፌስቲቫሉ ነው?»

ድንኳኑ ውስጥ

ናሆም ይባላል፤ የዝግጅቱ አስተባባሪ እሱ ነው። ትንፋሼን እስክሰበስብ ጉዳዩን በአጭሩ ነገረኝ። አዳራሹን ሲነጠቁ ጄኔሬተር ይዘው እዚህ መጡ፤ ከሰፈሩ እድር ድንኳንና ወንበር ተከራዩ፤ የድንኳኑ ሸራ የቀን ብርሃን ስለሚያስገባ በውስጥ በኩል ጥቁር ጨርቅ ወጠሩበት። ጥቁሩ ቲሸርት ደግሞ የፊልም ሰዎች ደንብ ልብስ መሆኑ ነው።

«ተመልካቹንማ ማመን አቅቶኛል!» አለኝ። «ሌላ ጊዜ ራሳችን ነን ራሳችንን የምናየው። ዛሬ ወንበር አልበቃም! ደግሞ ዝምታቸው! አንድም ሰው ስልክ አያነሳም!»

«ናሆም፣ እነዚህ ሰዎች ለቅሶ ሊደርሱ ነው የመጡት።»

ወደ ድንኳኑ ዞሮ አየ። ያዘቀዘቀውን ነጠላ አየ። ኮፍያቸውን ጉልበታቸው ላይ ያደረጉትን ሽማግሌዎች አየ። ከዚያ ክንዴን ጥብቅ አድርጎ ያዘኝ።

«በናትዎ አባባ፣ አይንገሯቸው።»

ብናደድም ምን ላድርግ፣ ገብቼ ተቀመጥኩ። ማህሌት ወዲያ ጥግ ላፕቶፗ ጋ ሆና ስታየኝ ዓይኗን ጨፍና ገለጠች። ሸራው ላይ አንድ ፈረንጅ ሽማግሌ ተኝቷል። ሌላ ነገር የለም። ይተነፍሳል፣ ይተኛል፣ ይተነፍሳል። ይህ ነው ረጅም የተባለው ፊልም! አጠገቤ ያሉት ሴት፣ ወይዘሮ ዘነበች እንደሚባሉ በኋላ ያወቅኩት፣ አገጫቸውን በነጠላቸው ይዘው አተኩረው ያያሉ።

«ዘንድሮ ለቅሶም በፊልም ሆነ» አሉኝ በሹክሹክታ። «እሳቸው ይሆኑ?»

«እንጃ።»

«ምስኪን። ፈረንጅ ይሁኑ እንጂ አተኛኘታቸው የሰላም ነው። ልጆቻቸው እነዚያ በር ላይ ያሉት ናቸው?»

«ይመስለኛል» አልኩ። ምን ልበል?

ከፊት የተቀመጠች፣ ፊልሞቹን አወዳድራ ልትሸልም ከውጭ አገር የመጣች ዳኛ ዞራ ሕዝቡን እያየች ዓይኗን ትጠርጋለች። በአገሯ እንዲህ ያለ ፊልም ሲጀመር ሰው ወጥቶ እንደሚያልቅ፣ እዚህ ግን ከመቀመጫው የተነሳ አለመኖሩን ኋላ በናሆም አስተርጓሚነት ነገረችን። ሴትዮዋ ያላወቀችው፣ እዚህ አገር ለቅሶ ቤት ገብቶ ቶሎ የሚነሳ ሰው ስሙ እንደሚነሳ ነው።

ሰውዬው በመጨረሻ ሳይነቃ ፊልሙ አለቀ። ማህሌት ጎንበስ ብላ መጣች።

«አባዬ፣ ላሳየው?»

ይህን ሁሉ ሰው እስከ መቼ አታለን ልናስቀምጠው ነው፣ ልላት ነበር። ግን እስከዚህ የመጣሁት ራሴን በትልቅ ሸራ ለማየት አይደል? «አሳዪው» አልኩና አንገትጌዬን አስተካከልኩ።

ቤቴ፣ ሸራው ላይ

በራችን መጣ። ቀጥሎ ወጥ ቤታችን፣ ቀጥሎ ባልዲ። እኔን ጠበቅኩ። ክርኔ አለፈ። ነጠላ ጫማዬ አለፈ። ዓመት ሙሉ ፀጉሬን እያበጠርኩ የተነሳሁት ለክርኔና ለነጠላ ጫማዬ ኖሯል! ላፕቶፑ ጋ ሄጄ ልጮህባት ስነሳሳ ድምፄ መጣ።

«አስኔ፣ ውሃ መጥቷል፣ ባልዲውን አቅርቢልኝ።»

ሸራው ላይ ባዶ ወጥ ቤት። ማንም አይመልስም። ዝም።

«አስኔ፣ መነጽሬን አየሽው?»

ባዶ ወንበር። ዝም።

«አስኔ፣ ዛሬ ታክሲ ውስጥ ማንን ባገኝ ጥሩ ነው…»

ይሄኔ ወሬውን የጀመረው ሰውዬ ራሱን ይሰማና መሀል ላይ ያቆማል። ካሜራው ግን አይቆምም፤ መስኮቱን፣ መጋረጃውን፣ ነፋሱን እያየ ይቆያል።

እንደዚህ እንደማደርግ አላውቅም ነበር። እውነቴን ነው። በልቤ የማወራ ይመስለኝ ነበር እንጂ ድምፅ አውጥቼ፣ በስሟ እየጠራሁ፣ ያውም ቀን በቀን! አሁን ይህን ሁሉ እንግዳ ሰው አስቀምጠው የማላውቀውን ራሴን ያሰሙኛል። ፊቴ ጋለ። ማህሌትን አየኋት። ጣቷን ማጥፊያው ላይ አድርጋ የምታየው እኔን ነው። እጄን ባነሳ ያበቃል። ቃሏ ነው፣ ታጠፋዋለች፤ ልፋቷም እዚያው ላይ ያበቃል።

እጄ ተነሳ። ደረቴ ጋ ደረሰ። ያኔ አጠገቤ ወይዘሮ ዘነበች፣ ለማንም ሳይሆን ለሸራው፣ «ወይኔ ወንድሜን… ማን ይመልስለት» አሉ። ከኋላ አንዲት ሴት ተነፋረቀች። አንድ ሽማግሌ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ለካ ሕዝቡ ያን ሁሉ ሰዓት ሲጠብቅ የነበረው የሚያለቅስለትን ሰው ነው።

እጄን መልሼ ጭኔ ሥር ከተትኩና ተቀመጥኩበት። እስኪያልቅ ድረስ አላነሳሁትም፤ ደንዝዞ ቀረ።

ሲያልቅ ማንም አላጨበጨበም። ዳኛዋ ልታጨበጭብ እጇን ዘርግታ ዙሪያዋን አየችና ተወችው። ማህሌት መጥታ አጠገቤ ቆመች። ወይዘሮ ዘነበች አንዴ እሷን አንዴ እኔን አዩ፤ ድምፄንም ለይተዋል።

«አንተ ነህ?»

«እኔው ነኝ።»

ተነስተው እጄን ያዙ። «እግዚአብሔር ያጥናህ። የአስኔን ነፍስ ይማር።»

ይህን ጊዜ ነው ትዕግሥቴ ያለቀው። «እሜቴ፣ እንዳይሳሳቱ! እዚህ ማንም አልሞተም። ይሄ ፌስቲቫል ነው፣ ድንኳኑ የኪራይ ነው፣ ቅድም የተኛው ሰውዬም በሕይወት ሳይኖር አይቀርም። የእኔ ሚስትም ብትሆን ካረፈች ቆይታለች፤ ለቅሶዋ ተለቅሶ፣ ተዝካሯ ወጥቶ አልቋል!»

«ታዲያ እኔ መቼ ደረስኩ?» አሉኝ፣ እጄን ሳይለቁ። «ያኔ አላውቃችሁም። አሁን ደረስኩ።»

ከኋላቸው ሰልፍ ተሠርቷል፤ ከጀሞው ታክሲ ሰልፍ ቢያንስ ነው። እየመጡ እጄን ይይዛሉ፣ ማህሌትን ይስማሉ፣ «ያጥናሽ የኔ ልጅ» ይሏታል። አስናቀች ስትቀበር ማህሌት ውጭ አገር ትምህርት ላይ ነበረች፤ ለቅሶው ካለቀ በኋላ ነው የደረሰችው። ሰው ተሰልፎ ሲያጽናናት ያየሁት ያን ቀን ነው። አንዲት ጎረቤት ንፍሮ በሰፌድ ይዛ መጣች። ባለ ጥቁር ቲሸርቶቹ፣ ከጠዋት ጀምሮ እህል ያልቀመሱት፣ በእፍኝ በእፍኝ አነሱ። ዳኛዋም አነሳች።

ከዚያ በኋላ ሦስት ፊልም ታየ። አንዱ የሚሽከረከር አምፖል ብቻ ነበር። አንድም ሰው አልተነሳም።

ሽልማቱን የወሰደው ግን የተኛው ሰውዬ ነው። አሁንም ባሰብኩት ቁጥር ያናድደኛል። ሰው ተኝቶ ይሸለማል?

ወደ ቤት

ከለቡ ጀሞ በእግራችን ሄድን። ፀሐይ ልትጠልቅ ነበር፤ ማህሌት ካሜራዋን፣ እኔ የዱላዬን ጫፍ እያየን ብሎካችን ደረስን። ደረጃው ላይ፣ ሁለተኛው ፎቅ ጋ ስደርስ ትንፋሼ አጥሮ ቆምኩ፤ እሷም አብራኝ ቆመች።

ጉዞ ያስተምራል ይባላል። እኔን ያስተማረኝ፣ አንደኛ፣ ስልክ የተሠራው እንዲጮህ መሆኑን ነው። ሌላው፣ በዚህ ሁሉ ዕድሜዬ ሰፈሬን አውቀዋለሁ ስል የማውቀው መንገዱን ብቻ እንደነበር ነው። በእግር በሚደረስበት ቦታ ሚስቴን ሳያውቁ የሚያለቅሱላት ሰዎች መኖራቸውን የሥራ ባልደረቦቼ በሣሉት ካርታ ላይ አላየሁትም፤ እኔም ስሥል አላስገባሁትም።

«አባዬ» አለች ማህሌት፣ ግድግዳውን ተደግፋ። «ዳኛዋ ፊልሙን አገሯ ወስዳ ልታሳየው ትፈልጋለች። ለሌላ ሰው ላሰማው? አንተ ነህ የምትወስነው።»

እንደ ዋና ተዋናይ ትንሽ አስጠበቅኳት።

«አሰሚ» አልኳት። «ግን መጀመሪያ እድር እንዳላቸው ጠይቂልኝ።»